ከሁለት መቶ ልጆች አንዱ



ስለ ፖሊዮ እንድናገር ስትጠሩኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአንድ ልጅ አካሄድ ነው። አንደኛ ደረጃ አብረን ስንማር ያ ልጅ ቀኝ እጁን ቀኝ ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ነበር የሚራመደው። ጉልበቱን በእጁ ካልደገፈው ይከዳዋል። ዳገት ሲሆን ወደ ፊት ደፋ ይላል፤ ቁልቁለት ሲሆን ወደ ጎን እየዞረ ይወርዳል። አገራችን ደግሞ እንደምታውቁት ዳገትና ቁልቁለት ነው። እኛ በሩጫ የምንጨርሰውን መንገድ እሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ይጀምረው ነበር። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው «ልምሻ መትቶት ነው» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ በጤና ትምህርት ላይ፣ የጭን የፊት ጡንቻ የሞተበት ሰው ጉልበቱን በእጁ ደግፎ እንደሚሄድና ይህም የፖሊዮ የታወቀ ምልክት እንደሆነ ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ድቅን አለ።

በሽታውን አማርኛ «የልጅነት ልምሻ» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ልክ ነው። በአብዛኛው የሚያጠቃው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው፤ የሚያዝለውም እጅን ወይም እግርን ነው። አዲስ በሽታ አይደለም። በጥንቱ ግብፅ አንድ እግሩ ቀጥኖ ምርኩዝ የያዘ ሰው በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ3,300 ዓመት ይበልጣል፤ ምስሉን ያዩ ብዙ ሐኪሞች ልምሻ ነው ብለዋል። ሆኖም ስሙ አንድ ነገር ይደብቅብናል። ልምሻ ሲባል የምናስበው የዛለውን እግር ነው። ቫይረሱ የገባባቸው ልጆች ሁሉ ግን አይዝሉም። የሚዝለው ከሁለት መቶ ልጆች አንዱ ገደማ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ስለሆነ እባካችሁ ያዙልኝ።

ቫይረሱ በአፍ ይገባል። በጉሮሮና በአንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ለበርካታ ሳምንታት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ልጅ፣ ያንን አጥቦ ወደ ምንጭ የሚያወርድ ዝናብ፣ ሳይታጠብ እንጀራ የቆረሰ እጅ፤ መንገዱ ይኸው ነው። አብዛኞቹ ልጆች ምንም አይሰማቸውም። ጥቂቶቹን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ይይዛቸውና በጥቂት ቀን ይተዋቸዋል፤ እናትም «ምች ነው» ብላ ታልፈዋለች። በዚያ በአንዱ ላይ ግን ቫይረሱ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አከርካሪ ይዘልቅና ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። ትናንት ሲሮጥ የዋለ ልጅ ዛሬ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሲቆነጥጡት ይሰማዋል፤ አእምሮውም ምንም አልሆነም፤ የተቋረጠው ትእዛዙን ወደ ጡንቻው የሚያደርሰው መስመር ነው። ከሚዝሉት መካከል ከመቶው ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ስለሚቆም ይሞታሉ። የሞተውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አሁን ሒሳቡን እናስላ። አንድ ልጅ በፖሊዮ ልምሻ ያዘው ማለት ወደ ሁለት መቶ የሚሆኑ ልጆች ቫይረሱን ተሸክመው፣ እየተጫወቱ፣ ማንም ሳያውቅባቸው አልፈዋል ማለት ነው። ሁለት መቶ ሕፃናት በአንድ ጎጥ አይገኙም። ስለዚህ ቫይረሱ ጎጥ ከጎጥ ተሻግሯል፤ ገበያ ውሏል፤ ክርስትናና ሰርግ ላይ ተገኝቷል፤ መውሊድ አክብሯል። የዛለችው እግር የምትታየው ወረርሽኙ ብዙ ቤት ካዳረሰ በኋላ ነው። «በእኛ ቀበሌ ልምሻ የለም፣ ለምን በየጊዜው ጠብታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ጥያቄው የድንቁርና ጥያቄ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን የሚናገር ሰው ጥያቄ ነው። ይህ ቫይረስ ግን ለዓይን አይታይም፤ በሚታይበት ጊዜም ረፍዷል።

እዚህ ላይ ስለ መርፌ አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ቤት ውስጥ ቁስል ሆኖ ስለሚኖር ነው። «ልጄ ትኩሳት ይዞት መርፌ አስወጋሁት፤ በማግሥቱ እግሩ ሰለለ» የሚሉ ወላጆች አሉ። የሚሉትን ያዩት ነውና አንናቃቸው። ሳይንሱም ያውቀዋል። ቫይረሱ ሰውነቱ ውስጥ በገባ ልጅ ላይ የጡንቻ መርፌ ሲወጋ ልምሻው በተወጋው እግር ላይ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ራሱ ትልቁን የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ትኩሳት በያዘው ልጅ ሁሉ ላይ መርፌ መጠየቅም ሆነ መውጋት ልማድ ሊሆን የማይገባው ለዚህ ነው። እነዚያ ወላጆች ግን ራሳቸውን ሲወቅሱ መኖር አይገባቸውም። ልምሻውን ያመጣው ቫይረሱ ነው፤ ልጁም አስቀድሞ ጠብታውን በሙሉ ቢያገኝ ኖሮ ቫይረሱ ከነርቩ ባልደረሰ ነበር።

«ክትባት» የምንለው ቃል ራሱ የሚያስተምረን አለ። በግእዝ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። እዚህ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በልጁ አንገት ላይ የሚያስረው ክታብ ከዚሁ ቃል ወጥቷል። በዱሮ ጊዜ ፈንጣጣ አገር ሲያጠፋ፣ ከታመመው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር ጫር አድርጎ መቀባት በአገራችን የታወቀ ነበር፤ የውጭ አገር ተጓዦችም አይተው ጽፈውታል። ቆዳ ላይ እንደ መጻፍ ነውና መከተብ ተባለ። እንግዲህ ክትባት ከባዕድ አገር በሳጥን ተጭኖ የመጣብን ነገር ነው ለሚል ሰው፣ ቃሉም ሐሳቡም ከቤታችን እንዳለ መንገር እንችላለን። የዱሮው ዘዴ አደገኛ ነበር፤ የተከተበው ሰው አንዳንዴ ይሞታል፣ በሽታውንም ለጎረቤት ያስተላልፋል። ትንሿን ሕመም ተቀብሎ ትልቋን መከላከል የሚለው ማስተዋል ግን አባቶቻችን ጋ ነበር።

ፈንጣጣ ከምድር የጠፋው በዚህች አገር ተራሮችና በረሃዎች በኩል አልፎ ነው። የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ከአስቸጋሪዎቹ ቦታዎች አንዱ ከእግራችን ሥር ያለው የአባይ ገደል ነበር። ከታቢዎቹ በበቅሎና በእግር ወረዱ፤ በሄሊኮፕተርም የሄዱ ነበሩ። የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ባሌ ውስጥ ተገኘ። በዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት የውጭ ባለሙያዎች አንዱ ሲሮ ደ ኳድሮስ የተባለ ብራዚላዊ ሐኪም ነበር። ሕዝቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ መክተብ ባይቻልም እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፈልጎ ማግኘትና ዙሪያውን መክተብ እንደሚቻል እዚህ ሠርቶ አየ። ይህንን ይዞ ወደ አሜሪካ አህጉር ተመለሰና ፖሊዮን የማጥፋቱን ሥራ መራ። በዚያ አህጉር የመጨረሻው በዱር (በተፈጥሮው) ቫይረስ የዛለ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1991 ፔሩ ውስጥ ተገኘ፤ በ1994 አህጉሩ ከበሽታው ነጻ መሆኑ ታወጀ። የፔሩ እናቶች ባገኙት ዕረፍት ውስጥ ከኢትዮጵያ ገደሎች የተማረ ሰው እጅ አለበት። ይህንን ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቢማሩት እወዳለሁ።

ታዲያ ፈንጣጣን ያጠፋ ሰው ልጅ ፖሊዮ ለምን አቃተው? ፈንጣጣ በፊት ላይ ይታያል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ለይቶ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ መከተብም ይበቃል። ፖሊዮ ከሁለት መቶው መቶ ዘጠና ዘጠኙ ጋ ተደብቆ ያልፋል፤ ጠብታውም ደጋግሞ መሰጠት አለበት። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሥራው ሁሉ የከበደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የክትባቱን ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ዮናስ ሳልክ የሠራው በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ፍቱን መሆኑ የታወጀው በ1947 ዓ.ም. ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ጥቂት ቆይቶ አልበርት ሳቢን በአፍ የሚሰጠውን ጠብታ አዘጋጀ። ሳቢን አሜሪካዊ ነው፤ ጠብታው በሰፊው የተሞከረው ግን በሶቪየት ኅብረት ነው። ሁለቱ መንግሥታት በኑክሌር መሣሪያ በሚዛዛቱበት ዘመን ሐኪሞቻቸው ተማምነው ከአሥር ሚሊዮን በላይ ለሚሆን ሕዝብ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1988 የዓለም ጤና ጉባኤ ፖሊዮን ከምድር ለማጥፋት ሲወስን በዓመት ወደ 350 ሺህ የሚሆኑ ልጆች በ125 አገሮች ይዝሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በዱር ቫይረስ የዛሉት 99 ናቸው፤ ሁሉም በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን።

በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው፤ ዓለም ፈንጣጣ ጠፋ ብሎ ባወጀበት በዚያው ዓመት። የፖሊዮ ዘመቻ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተጀመረ። በ1993 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሲኖር የነበረው የዱር ቫይረስ የመጨረሻውን ልጅ አዛለ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን በደንብ ልናውቀው ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ፣ በካኖ፣ ጠብታው ሴቶችን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነሣ። ክትባቱ ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ግን አልቆመም። ከናይጄሪያ ወደ ቻድ፣ ከቻድ ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ እኛ ተሻገረ። በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ታየ፤ ከዚያም አማራና ኦሮሚያ ክልሎች ገባ። ለዓመታት ነጻ የነበረች አገር ልጆች እንደገና መዛል ጀመሩ። ካኖ የት፣ እኛ የት! አንድም የሐውሳ ቃል የማያውቅ የአገራችን ሕፃን በሐውሳ በተነገረ ወሬ እግሩን አጣ። ያ ወሬ እንዴት እንደቆመም ልንገራችሁ። የካኖ የሃይማኖት አባቶችና ሹማምንት ክትባቱን ራሳቸው አስመረመሩ፤ በመጨረሻም ሕዝቧ በብዛት ሙስሊም በሆነው በኢንዶኔዥያ የተመረተ ጠብታ ተቀብለው ልጆቻቸውን አስከተቡ። የጠረጠረውን ሰው ከመስደብ ይልቅ የሚያምነውን ሰው መላክ ፈውስ ሆነ። እዚህ በእኛም ቦታ አንድ ሸኽ ከጁምዓ በኋላ፣ አንድ ቄስ ከቅዳሴ በኋላ የሚናገሩት ቃል እኔ በዚህ አዳራሽ ሰዓት ሙሉ ከማወራው ይበልጣል።

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ቫይረሱ ከሶማሊያ ወደ ሶማሌ ክልል ገብቶ አሥር ሰዎችን አዛለ፤ የመጨረሻው በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ነበር። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የዱር ቫይረስ ልምሻ አልታየም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን፣ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጠና ከዱር ፖሊዮ ነጻ ተባሉ። አልቅሰን ደስ ያለን ቀን ነበር።

ታዲያ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመከተብ ለምን ተዘመተ? እውነቱን ሳልሸፍን እናገራለሁ፤ ሕዝብን በግማሽ እውነት ማስከተብ አይቻልም። በአፍ የሚሰጠው ጠብታ የተሠራው ከደከመ ሕያው ቫይረስ ነው። የጠጣው ልጅ አንጀት ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ይራባል፤ በዚህም አንጀቱን ያስተምረዋል፤ አልፎም ከሰገራ ጋር ወጥቶ ያልተከተበውን ጎረቤት ይነካል። አብዛኞቹ ልጆች በተከተቡበት ቦታ ይህ በረከት ነው። ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት ቦታ ግን ያ የደከመ ቫይረስ ካልተከተበ ወዳልተከተበ ልጅ ለረጅም ጊዜ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ይዘዋወራል፤ ሲዘዋወርም ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ የማዛል ኃይሉን መልሶ ያገኛል። በ2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የተገኘው፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች የተሻገረው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በአገራችን ከ40 በላይ ልጆች በዚህ ዓይነቱ ቫይረስ ዝለዋል።

ይህንን የሰማ ሰው «እንግዲያ ጠብታው ነው በሽታው» ሊል ይችላል። አይደለም። ከጠብታው በቀጥታ ልምሻ የሚያገኘው በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ልጆች አንድ ነው። ቫይረሱን መልሶ የሚያሳድገው ክፍተቱ ነው፤ ጠብታው ያልደረሰባቸው ልጆች ብዛት። ሁሉም ልጅ በተከተበበት መንደር የሚዘዋወርበት አንጀት ስለማያገኝ በአጭር ይቀራል። ሳይንሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በቀላሉ እንዳይለወጥ ሆኖ የታነጸ አዲስ ጠብታ ተሠርቶ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ውሏል፤ አሁን ዘመቻው የሚካሄደው በእሱ ነው። በአሥራ አራተኛው ሳምንት በመርፌ የሚሰጠው ደግሞ ከሞተ ቫይረስ የተሠራ ነው፤ ነርቭን ይጠብቃል፤ የአንጀቱን በር ግን እንደ ጠብታው አይዘጋም። ሁለቱም የሚያስፈልጉት ስለዚህ ነው።

ወደ ሠፈራችን ልመለስ። ከተማችን መካነ ሰላም የተቀመጠችው ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ላይ ነው። ከዚህ ወደ ምዕራብ ወደ አባይ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ከብርድ ወደ በረሃ ይገባል። ክትባቱ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ በጤና ጣቢያ የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። ያችን ሰማያዊ ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ቁልቁል የምትወርደውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቡ። በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ አለባት። በብልቃጧ ላይ ክብ ውስጥ ያለ ነጭ አራት ማዕዘን አለ፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ይጠቁራል። የአራት ማዕዘኑ ቀለም ከክቡ ጋር እኩል ከሆነ ያ ክትባት ይጣላል። እናቶች ይህንን ምልክት አሳዩን ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጠይቁም። ሠራተኛዋ በጥያቄያችሁ አትቀየምም፤ እንዲያውም ድካሟ እንደታየላት ታውቃለች።

እሷ ደርሳ ምን ትጠይቃለች? «በዚህ ቤት ከአምስት ዓመት በታች ስንት ልጅ አለ?» የሚሰጣት መልስ ብዙ ጊዜ የሚታዩትን ልጆች ብቻ የሚቆጥር ነው። የተኛው አይቆጠርም። ከአያቱ ጋር ከብት ጥበቃ የወጣው አይቆጠርም። እንግዳ ሆና የመጣችው እኅት ልጅ አይቆጠርም፤ የእኛ አይደለማ። ከሁሉም በላይ ግን አራስ ቤት ያለው አይቆጠርም። የመጀመሪያዋ የፖሊዮ ጠብታ የምትሰጠው ልጁ በተወለደ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ነው። ክርስቲያኑ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እስኪያስጠምቅ ድረስ አራሷ ከደጅ አትወጣም፤ ዓይን እንዳይበላው፣ ምች እንዳይመታው ሕፃኑ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሙስሊሙም ቤት ቢሆን አራስን መጠበቅ የታወቀ ነው። እኔ ይህን ልማድ አልነቅፍም፤ በብርድ አገር ደካማ ሕፃንን ከብዙ ሰው እስትንፋስ ማራቅ ጥበብ አለበት። የምለምነው ጠብታውን ወደ ሕፃኑ እንድታስገቡት ነው። ሠራተኛዋ እጇን ታጥባ፣ መጋረጃውን ገልጣ፣ ሁለት ጠብታ ጠብ አድርጋ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ስድስተኛው፣ አሥረኛውና አሥራ አራተኛው ሳምንት አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ሁሉንም መሠረታዊ ክትባት የጨረሱት የአንድ ዓመት ሕፃናት ከመቶ 39 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 14 ስለነበሩ ዕድገቱ ትልቅ ነው፤ የቀሩት ግን ከገቡት ይበዙ ነበር።

ቫይረሱ ከሰው ጋር ይጓዛል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ተጓዥ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፤ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ከሰሞኑ ከሌላ ቦታ የመጣ ሕፃን ያለበት ቤት የክትባት ካርዱን ይዞ ጤና ኬላ ቢሄድ ጎጡን ሁሉ ጠበቀ ማለት ነው።

ስለ ጦርነት ሳልናገር ብወርድ ያሳፍረኛል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ በወደቁ ጊዜ የዚህ ዞን የመድኃኒትና የክትባት መንገድ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ ሁላችንም አየን። ከዚያ ወዲህም በክልላችን መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኤል ሳልቫዶር ውስጥ መንግሥትና ሸማቂዎች ሲዋጉ፣ ልጆች እስኪከተቡ ድረስ ተኩስ ለማቆም ተስማሙ፤ «የእርጋታ ቀናት» ተባሉ፤ በየዓመቱም ተደገሙ። እ.ኤ.አ. በ2024 በጋዛ ፖሊዮ ለ25 ዓመት ሳይታይ ቆይቶ የአሥር ወር ሕፃን ሲዝል፣ በዚያ ሁሉ እሳት መካከል ለጠብታው ሲባል ተኩስ ጋብ ያለባቸው ሰዓቶች ነበሩ። ሽማግሌዎቻችን ደም ያደርቃሉ፤ ቅሬዎቻችን ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይለዩ ይቀብራሉ። ሳጥን ያነገተች ሴት ከየትኛውም ወገን ሳትፈራ እንድታልፍ መማለድም የሚችሉት እነሱ ናቸው።

አስቀድሞ የዛሉትን ወገኖቻችንንም አንርሳ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ መናገሻ የሚገኘው የቼሻየር ማዕከል በልምሻ የተጎዱ ብዙ ልጆችን በብረት ድጋፍና በክራንች አቁሟል። ከዚሁ ጎረቤታችን ከሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ በማጅራት ገትር ዓይኗን አጥታ፣ ተምራ፣ የሕግ ባለሙያ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም የታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብላለች። ልጆችን ከልምሻ እንጠብቅ ስንል የዛለውን ሰው የመከራ ምሳሌ አድርገን ማሳየት የለብንም። ያ የትምህርት ቤት ጓደኛችን የጎደለው እግር ብቻ ነበር፤ ከእሱ በፊት የጎደልነው እኛ ነን፤ ጎህ ሳይቀድ ሲነሣ አንድ ቀን እንኳ አብሮት የሄደ አልነበረም።

የመጨረሻው ጉዳዬ በእጃችሁ ያለ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ለጤና ተቋም መነገር አለበት። ከልጁ ሰገራ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ልዩነት ይወሰዳል፤ በበረዶ ሆኖ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ይሄዳል። መወሰድ ያለበት ከዛለ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ነው። ፖሊዮ በሌለበት አገር እንኳ ከመቶ ሺህ ልጆች ቢያንስ ሁለቱ በዓመት በሌላ በሌላ ምክንያት ስለሚዝሉ፣ ፍለጋው በደንብ እየተሠራ መሆኑ የሚለካው እነሱ በመገኘታቸው ነው። ደቡብ ወሎ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉት አንድ ሚሊዮን ናቸው ብንል፣ በየዓመቱ ቢያንስ ሃያ የዛሉ ልጆች ከዞናችን ሪፖርት መደረግ አለባቸው። ለዓመታት አንድም ልጅ ያላሳወቀ ወረዳ ካለ ልጆቹ ጤነኛ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚፈልጋቸው ስለጠፋ ነው።

ስለዚህ የአጥንት ወጌሻ ጋ የወሰዳችሁት፣ ጸበል ያደረሳችሁት፣ ዱዓ ያስደረጋችሁለት ልጅ ካለ፣ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳትተዉ፣ እግሩ በዛለ በዚያው ቀን ለጤና ኬላዋ ሠራተኛ ንገሯት። ወጌሾችና የጸበል አጥማቂዎችም፣ የዛለ ልጅ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነውና፣ እናንተም ንገሯት።